የበዓል ማግሥት
በቁምስናው ኢዮቤልዩ ጉባኤ የተነገረ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



የዚህ ንግግር ነገር ስለ ቅዱሳን፥ ስለ በዓላትና ስለ ዕለት ኑሮ ነው። ሦስቱ ለየብቻቸው የቆሙ ይመስላሉ። ቅዱሳን በሰማይ ናቸው፥ በዓላት በቤተ ክርስቲያን ናቸው፥ የዕለት ኑሮ ግን በወጥ ቤትና በገበያ፥ በመንገድና በመሥሪያ ቤት ነው ይባላል። ነገር ግን ሃይማኖት በሰው ልብ ሥር የሚሰደው ሦስቱ አንድ ሲሆኑ ነው። ሦስቱ የተለያዩ እንደ ሆነ ቅዱሳን የግድግዳ ሥዕል፥ በዓላትም የመብል ቀን፥ ኑሮም የትርፍ ሩጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የበዓል እውነተኛ መፈተኛው በዓሉ የዋለበት ቀን አይደለም፤ ማግሥቱ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር፥ የበዓላት ቀኖች ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ይህች ከተማ በሁለት ስሞች ተጠርታለች። የጥንት ስሟ አዳማ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 ዓመት ደግሞ የቀደመው ስሟ አዳማ በይፋ ተመለሰላት። ሽማግሌዎች ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ስሞች እያፈራረቁ ይጠሯታል። ስሟ አዳማ መባሉ ተገቢ ነው፤ ይህ የአገሩ ሰው ያወጣላት ስም ነውና። ዳሩ ግን ናዝሬት ተብላ በቈየችበት ዘመን ለክርስቲያን ልጆቿ የተወችላቸው አንድ ትምህርት አለ፤ ስሙ ቢለወጥ ትምህርቱ ሊጠፋ አይገባውም።

የመጀመሪያይቱ ናዝሬት በገሊላ ያለች ታናሽ መንደር ነበረች። ናትናኤል ስሟን በሰማ ጊዜ ከእርስዋ መልካም ነገር ሊወጣ መቻሉን እንደ ተጠራጠረ በዮሐንስ ወንጌል ተጽፎአል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ነበረ ሉቃስ ይናገራል። እንግዲህ የዓለም መድኃኒት በምድር ላይ ከኖረበት ዘመን የሚበልጠውን በናዝሬት ያሳለፈው ሳይሰብክና ተአምር ሳያደርግ፥ ለወላጆቹ እየታዘዘ፥ በእንጨት ሥራ እጁን እያሻከረ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ በጥር ወር 1964 ወደ ናዝሬት በተሳለሙ ጊዜ ከዚያች መንደር መማር ይገባል ያሉት ሦስት ነገር ነው፤ እነርሱም ዝምታ፥ የቤተሰብ ኑሮና ሥራ ናቸው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ውሳኔ፥ ቅድስና ለመነኵሴና ለካህን ብቻ ሳይሆን ለባለ ትዳሩም፥ ለሠራተኛውም፥ ለመበለቲቱም የተሰጠ ጥሪ መሆኑን አስታወቀ።

ይህ ትምህርት ለአዳማ ሰው የራቀ አይደለም። አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በዚህ አልፎአል። ከዚህም ወደ አሰላ፥ ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ መንገድ ይወጣል፤ በሞጆ በኩል ታጥፎ የሄደም ወደ መቂ፥ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። በመንገድ ከተማ ነጋዴና ሾፌር፥ ደላላና ተሸካሚ፥ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትና አስተናጋጅ ይበዛል። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ጎረቤቱን ሳያውቅ ሊኖር፥ ዛሬ የሸጠለትን ሰውም ነገ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሌላ ሰው በማያይበት ስፍራ እግዚአብሔር እንደሚያይ ማመን በዚህ ከተማ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የወሩ ቀን በቍጥር ብቻ አይጠራም፤ በቅዱሳን ስም ይጠራል። በ7 ሥላሴ፥ በ12 ሚካኤል፥ በ16 ኪዳነ ምሕረት፥ በ19 ገብርኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ27 መድኃኔ ዓለም ይባላል። የቤት ኪራይ የጐደለበት ሰው ለባለቤቱ «ለሚካኤል እከፍላለሁ» ይላል፤ ብድር የጠየቀም «ማርያም ሳታልፍ እመልሳለሁ» ብሎ ይቀጥራል። ይህ አነጋገር እንዲሁ ልማድ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ታላቅ ነገር አለበት። በዓሉ የቀጠሮ ቀን ከሆነ ቅዱሱ የቃሉ ምስክር ሆኖአልና። ለሚካኤል እከፍላለሁ ብሎ ሚካኤል ሲደርስ የሚሸሸግ ሰው ባለ ገንዘቡን ብቻ አይደለም ያታለለው፤ የመልአኩንም ስም በሐሰት ጠርቶአል።

በአዳማ ገበያ የመቂ ሽንኵርትና ቲማቲም፥ የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ፥ የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ፥ ከየአገሩም የመጣ በርበሬና ቅቤ ይሸጣል። በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል፥ በቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚለውስ፥ በወተት ላይ ውኃ የሚጨምር፥ ሚዛን የሚያጐድል ሰው በየዘመኑ አልጠፋም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሃይማኖት የሌለው ቢሆን ነገሩ ባላስደነቀ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ይኸው ሰው በ21 የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስሞ፥ ሻማ አብርቶ፥ ለነዳያን መጽውቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ መሆኑ ነው። በ22 ሱቁን ሲከፍት ማርያምን በመቅደስ ትቶአት የመጣ ይመስለዋል። እርስዋ ግን እናት ናት፤ እናትም ልጅዋ በሚውልበት ሁሉ ዐይኗ አይለየውም። ያ ድብልቅ በርበሬ የሚበላው ሌላ ሕፃንም ልጅዋ ነው።

ስለ ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሕግ ይህንኑ ነገር ያስረዳል። በአምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፥ ለባሪያው አርነት ይታወጃል፥ ርስቱን በችግር የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል። ብዙ ሰው ከምዕራፉ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሰው ለወንድሙ ሲሸጥ ወይም ከወንድሙ ሲገዛ እንዳያታልለው፥ ለደኸየውም ወንድሙ በአራጣ እንዳያበድረው ታዝዞአል። መለከቱና ሚዛኑ በአንድ ሕግ ውስጥ ተጽፈዋል ማለት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስዮስ ስምንተኛ በ1300 የመጀመሪያውን የቅዱስ ዓመት ኢዮቤልዩ ባወጁ ጊዜም ወደ ሮማ የሚሳለመው ሕዝብ ንስሐ እንዲገባ ነው ያዘዙት። ንስሐ የሌለበት ኢዮቤልዩ የድንኳንና የከበሮ ነገር ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ቅዱሳን በዚህ ነገር ውስጥ ምን ሥራ አላቸው? ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንን ታከብራለች እንጂ አታመልክም። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ይህን ልዩነት በግልጥ ወስኖአል። ቅዱስ ማለት በአንድ ዘመንና በአንድ አገር፥ በአንድ ሥራ ላይ ሆኖ ወንጌል ሊኖሩት የሚቻል መሆኑን በሕይወቱ ያሳየ ሰው ነው። ስለዚህ የቅዱሱን በዓል የሚያከብር ሰው በምልጃው ይታመን፤ ደግሞም ይህ ቅዱስ በእኔ ስፍራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ያደርግ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ኦርቶዶክሳውያንም ካቶሊካውያንም በአንድነት የሚያከብሩት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ በሌላ ስሙ ፍሬምናጦስ፥ ወደ አክሱም የመጣው ጳጳስ ሆኖ አልነበረም። በ4ኛው ምእት ዓመት በባሕር ጉዞ ላይ አደጋ ያገኘው፥ ተይዞም ወደ ንጉሥ የቀረበ ወጣት ነበረ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ እንደሚለው በቤተ መንግሥት የንጉሡን ጽሕፈትና ሒሳብ እንዲጠብቅ ተሾመ። በታመነበትም ጊዜ ከሮም ግዛት የመጡትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አደፋፈራቸው፤ ቦታና እርዳታም ሰጣቸው። በኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ኤጲስ ቆጶስ እንዲላክ በለመነ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። እንግዲህ በሩፊኖስ ቃል መሠረት የኢትዮጵያ ወንጌል ከጳጳሱ መንበር በፊት በሒሳብ ያዥ ታማኝነትና በነጋዴዎች የጸሎት ቤት ተጀምሮአል ማለት ነው። በአዳማ የሚነግድና ሒሳብ የሚይዝ ክርስቲያን ሁሉ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው፥ ደግሞም ሊፈራ ይገባዋል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1839፥ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ዓድዋ ገቡ። በ1800 በኢጣልያ ደቡብ የተወለዱ ሲሆኑ በኢትዮጵያ አባ ያዕቆብ ተባሉ። የአገሩን ልብስ ለበሱ፥ የአገሩን ምግብ ተመገቡ፥ ቋንቋውንም ተማሩ። በ1849 አቡነ ማስያስ በምጽዋ በድብቅ የጵጵስና ማዕረግ ሰጡአቸው፤ ነገር ግን ማዕረጉ ኑሮአቸውን አልለወጠውም። በእስራትና በስደት ብዙ ተንገላተው በሐምሌ ወር መጨረሻ በ1860 በበረሃ መንገድ ላይ ሲሄዱ፥ በዓሊጋደ ሸለቆ፥ ራሳቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ በጥቅምት ወር 1975 ቅዱስ ብለው ሰየሙአቸው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚደክም ሾፌርና መንገደኛ በሰማይ የመንገዱን ድካም የሚያውቅለት አባት አለው።

ከእርሳቸው ልጆች አንዱ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 ገደማ በጎጃም በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ተወለዱ፤ አንድ ዐይናቸው የጠፋ፥ መነኵሴም ሊቅም ነበሩ። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሄዱ ኖረው በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄዱ፤ በዚያም ጉዞ ከአባ ያዕቆብ ጋር ተዋወቁ፤ ሮማንም ኢየሩሳሌምንም አዩ። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በ1851 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1926 ብፁዕ ብለው ሰየሙአቸው። የአባ ገብረ ሚካኤል ትሩፋት ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ ግን የሕይወታቸው ፍጻሜ ነበረ እንጂ መጀመሪያው አልነበረም። በፊት አምሳ ዓመት ያህል አንድ ሥራ ሠርተዋል፤ ያመኑበትን ከሚናገሩት፥ የሚናገሩትንም ከሚኖሩት አልለዩም። ይህ ዓይነት ሰማዕትነት በፍርድ ቤት ለሚመሰክርና በመሥሪያ ቤት ወረቀት ለሚፈርም ሰው ሁሉ ዛሬም የቀረበ ነው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ቂምን ለማደስ መሆን የለበትም። ያ ዘመን የክርስቲያኖች መለያየት ደም ያፈሰሰበት ዘመን ነበረ። ዘመኑ ግን አልፎአል፤ በ1993 አቡነ ጳውሎስ፥ በ2016 ደግሞ አቡነ ማትያስ ወደ ሮማ ሄደው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር በፍቅር ተገናኝተዋል። ከዚህም በፊት ሆነ ከዚህ በኋላ በአዳማ ጥምቀትና መስቀል የሚከበሩት በጎረቤታሞች መካከል ነው። በአንድ ግቢ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ፥ ፕሮቴስታንቱና እስላሙ አብረው ይኖራሉ። አንዱ ሲታመም ሌላው ሐኪም ቤት ይወስደዋል፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም በዕድር ያለቅሳል። የሰማዕቱን ስም የሚያከብር ሰው የጎረቤቱን ሃይማኖት በመስደብ አያከብረውም።

ወደ ኦሮሞ ምድር የተላኩት ደግሞ ካፑቺናዊው አቡነ ማስያስ ናቸው። በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የተቋቋመው ሐዋርያዊ ሀገረ ስብከት የመጀመሪያ ጳጳስ ሆኑ፤ ብዙ መከራ ተቀብለው በ1852 ወደ ጉድሩ ገቡ። ወንጌል ከመስበካቸው ጋር ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለማዳን በእጃቸው ክትባት ይሰጡ ነበር። በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው ከምኒልክ ጋር ተገናኙ፤ በ1879 ከአገር እስኪወጡ ድረስም በዚያ ሠሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 የጽድቅ ሥራቸው ከፍ ያለ መሆኑን በዐዋጅ አጸደቁ። አቡነ ማስያስ ለሕዝቡ ነፍስ እጸልያለሁ ብለው ገላውን አልናቁትም፤ ቋንቋውንም አልናቁትም። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ሥራ የዚያው ዛፍ ፍሬ ነው። በ1980 መቂ ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ ግዛት ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1991 ደግሞ ወደ ሐዋርያዊ ሀገረ ስብከትነት ከፍ አለ። በመቂ ትምህርት ቤቱ፥ በባቱ የሳሌዝያን አባቶችና እኅቶች ወጣቶችን የሚያስተምሩበት ስፍራ፥ በጋምቦ ሐኪም ቤቱ ይመሰክራሉ። በእነዚህ ስፍራዎች የሚማረውና የሚታከመው ሰው ሃይማኖቱ ምንድር ነው ተብሎ አይጠየቅም።

በዚህች የሠራተኛ ከተማና በአካባቢዋ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን ቅዱስ ዮሴፍ ነው። በግዕዝ ሥርዓት ስንክሳር ዕረፍቱ ሐምሌ 26 ይታሰባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ ደግሞ በ1955 የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል በፈረንጆች ግንቦት 1 ቀን፥ ሠራተኞች ሁሉ በሚያከብሩት ቀን፥ እንዲከበር አዘዙ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሠራተኛም በአዋሽ ዳር ሸንኮራ ይቈርጥ ጀመር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን መዋላቸው እንዲያው የሆነ ነው፤ ቢሆንም ለሰሚው ምሳሌ ይሆናል። የቅዱስ ዮሴፍ አንድ ቃል እንኳ በወንጌል አልተጻፈም። የተጻፈው መነሣቱና መሄዱ፥ ሕፃኑንና እናቱን መጠበቁ፥ መሥራቱ ነው። በዓሉን ለማክበር ረዥም ንግግር አያስፈልግም፤ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ መክፈል ይበቃል። የተከለከለ የሠራተኛ ዋጋ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አስታውቆአልና።

ደመወዝ ከተነሣ ዘንድ፥ በገበያ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥም ያለውን ነገር መናገር ግድ ነው። በጥምቀት ወይም በፋሲካ ጧት አንድ ቤተሰብ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ይታያል። አባት ከፊት፥ እናት ከኋላ፥ ልጆች በመካከል ናቸው። ሲመለሱ ዶሮ ወጡ ደርሶ፥ ድፎ ዳቦው ተቈርሶ፥ ቄጠማው ተጐዝጕዞ፥ ቡናው ሸትቶ ይቈያቸዋል። ይህን ሁሉ ያሰናዳችው ማን ናት? ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ሽንኵርት ስትከትፍ፥ ዶሮ ስትበልት አደረች። እርስዋም እንደ እነርሱ የተጠመቀች ክርስቲያን ናት። የቅዳሴው ደወል በመስኮት ገባላት፤ እርስዋ ግን ወደ ቅዳሴው አልገባችም። በዓሉን ለሁሉ አበሰለች፤ ለራሷ ግን በዓል አልዋለላትም። ማታም ሁሉ ከተኛ በኋላ የተረፈውን በልታ ድስት አጠበች። ቤተሰቡ ክፉ አይደለም፤ አይመታትም፥ አይሰድባትም፤ እንዲያው አላሰባትም። በቤት ውስጥ የሚሠራ ኃጢአት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ በቍጣ ሳይሆን ባለማሰብ ይሠራል።

ለዚህች ልጅ በሰማይ የምታውቃት እኅት አለቻት፤ እርስዋም ቅድስት ዮሴፊን ባኪታ ናት። በሱዳን በዳርፉር ተወለደች፤ በሕፃንነቷ ተሰርቃ ለባርነት ተሸጠች፤ ከጌታ ወደ ጌታ ብዙ ጊዜ ተላለፈች። ወደ ኢጣልያ ከተወሰደች በኋላ በ1890 ተጠመቀች፥ ከዚያም የካኖሳ ደናግልን ማኅበር ገባች። በገዳሙ ውስጥ ሥራዋ ማብሰል፥ መስፋትና በር መጠበቅ ነበረ። በ1947 ዐረፈች፤ በ2000 ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ቅድስት ብለው ሰየሙአት። በዓሏ በየካቲት 1 ይውላል። የካቲት 1 በደረሰ ጊዜ በዚህ ቁምስና ያለች እመቤት ሁሉ ወጥ ቤቷ ገብታ ድስቱን በእጅዋ ብትይዝ፥ ሠራተኛዋንም ወደ ቅዳሴ ብትልካት፥ ከዚህ የሚበልጥ የባኪታ ክብር አይገኝም። የካቲት 1 እስኪደርስም መጠበቅ አያስፈልግም፤ እሑድ በየሳምንቱ ይመጣልና።

ይህን ሲሰማ አንዳንድ ሰው «ድግሱን ማን ይሠራዋል? እንግዳውስ ምን ይበላል?» ብሎ ይመልሳል። ማርታ ስለ ማርያም ለጌታ ያቀረበችው አቤቱታ ይህ ነው። መልሱ ድግስ ይቅር ማለት አይደለም። እንግዳ መቀበል ታላቅ ምግባር ነው፤ የኢትዮጵያ ሰውም በዚህ የታወቀ ነው። ለእስላም ጎረቤት ምግቡን ለብቻው ማሰናዳት፥ ለነዳያን ድርሻ መለየት፥ ማኅበርተኛን መጥራት ሁሉ ደግ ነው። ዳሩ ግን ድግሱ አንድ ወጥ የሚያንስ ቢሆንና የሠራችው ልጅ በቅዳሴው ላይ ብትገኝ፥ ማዕዱ አይጐድልም፤ ይሞላል እንጂ። ወጡ ከቅዳሴው በኋላ ቢደርስም ጉዳት የለውም። እንግዳው ቢራብ አንድ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ለኢዮቤልዩ መታሰቢያ ሐውልት ከመትከል በፊት፥ ማንም ድኻ ቢሆን ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፥ በበዓል ዋዜማ ዕዳን ማሰብ ነው። ሰው ለቍርባን ከመቅረቡ በፊት ኅሊናውን እንደሚመረምር፥ እንዲሁ የሚዛኑን ድንጋይና የብድር መዝገቡን ይመርምር። ሊከፍል የሚችለውን ይክፈል፤ የማይችለውንም ሄዶ ይቅርታና ቀጠሮ ይለምን። አበዳሪ የሆነውም ከደኻው የሚቀበለውን አራጣ ይተው።

ሁለተኛው፥ በበዓል ቀን የቤቱን ሰው ሁሉ መቍጠር ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሲቈጠር የቤት ሠራተኛይቱና ዘበኛው፥ ዐልጋ ላይ ያለችው አያትና ከገጠር ለትምህርት የመጣው የዘመድ ልጅ ይቈጠሩ። አንድ ሰው የቀረ እንደ ሆነ በዓሉ ገና አልተጀመረም።

ሦስተኛው፥ በበዓል ማግሥት አንድ ሥራ መሥራት ነው። በሚካኤል ማግሥት ከተጣላው ጎረቤቱ ጋር የታረቀ፥ በማርያም ማግሥት አንዲት የታመመች እናት የጠየቀ፥ በመድኃኔ ዓለም ማግሥት በእስር ቤት ላለ ሰው ስንቅ ያደረሰ፥ በዓሉን አክብሮአል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በዓመት ውስጥ ያሉት ወርኀዊ በዓላት ብዙ ናቸውና፥ በእያንዳንዱ ማግሥት አንድ መልካም ሥራ ቢሠራ የአንድ ቁምስና ሕዝብ ከተማን ሊለውጥ ይችላል። በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን በቍጥር ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ጨው በወጥ ውስጥ የሚያንሰው በስፍር ነው እንጂ በጣዕም አይደለም።

ይህ ኢዮቤልዩም እንደ ማናቸውም በዓል ማግሥት አለው። ነገ ጧት ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ወንበሩ ለተዋሱት ይመለሳል፤ የሻማው ሰም ከወለሉ ይፋቃል፤ ድስቱና ሳሕኑ ይታጠባል። በዚያ ሰዓት መጥረጊያና ባልዲ የሚይዙት የታወቁት ጥቂት ሴቶች ብቻ ከሆኑ፥ የዛሬው ንግግር ሁሉ በከንቱ ተነግሮአል። የክብር እንግዳውና የማኅበሩ ሹም፥ መምህሩና ነጋዴውም አብረው ከተገኙ ግን፥ ናዝሬት በዚህች ከተማ ስሟ ቢለወጥ እንኳ ሥራዋ አልቀረም ማለት ነው።

የናዝሬት ቤተሰብ አምላክ፥ በማርያም ጸሎት፥ በዮሴፍ ጠባቂነት፥ በቅዱስ ዩስጢኖስና በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ምልጃ ይህን ቁምስና ይጠብቅ። የሞቱትን መሥራቾቹንና አገልጋዮቹን በመንግሥቱ ያሳርፍ፤ ሕያዋኑንም በበዓሉ ቀን እንዳስደሰተ በማግሥቱ ያጽናቸው። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዓለመ ዓለም፥ አሜን።